ዋጋው ያልተጠየቀው ኮምፒውተር

አዳማ ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ሱቄ ውስጥ አንድ አዲስ ኮምፒውተር ብቻ ቀረ። ሌሎቹ ተሸጠው ያለቁ እንዳይመስላችሁ። ሌሎቹን ጨርሶ አላመጣኋቸውም። ይኼንን አንዱን ካመጣሁት ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ካርቶኑ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ እኔን ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ የሱቁ በር ላይ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለቻት። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ማዳመጫ ትሸጣለች፤ ሰዉ ግላስ የሚላትን ስስ መስታወት የስልክ ፊት ላይ ትለጥፋለች። የዛሬ ስድስት ዓመት ጠረጴዛዋን ስታወጣ «የእኔ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጉልት ልትቀመጪ ነው?» ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌያታለሁ። አሁን የሱቁን ኪራይ የሚከፍለው ጉልቱ ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ በጨዋነት ግን አንናገረውም።

አንድ ቀን ተናገረችው። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ነው፣ የዶሮ ወጡ ገና ከድስቱ ሳያልቅ። ባለቤቴ ከባድ ነገር የምትናገረው ስጠግብ ነው።

«እስከ መስቀል ድረስ ያንን ካርቶን ካልሸጥከው ሱቁን ትለቅልኛለህ» አለችኝ። «የእኔ ጠረጴዛ ይገባል፣ ያንተ መደርደሪያ ይወጣል።»

«ከሸጥኩትስ?»

«ከሸጥከው ሌላ አምጣ። እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

መስቀል ሊደርስ አንድ ወር ከጥቂት ቀን ይቀረዋል። ደግሞም ተማሪ ኮምፒውተር የሚገዛው መስከረም ላይ ነው ብዬ ተስማማሁ። እጄን ስሰጣት አጥብቃ ጨበጠችኝ፤ እጇ የዶሮ ወጥ የነካው ቢሆንም ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሠፈሩ ኢንጅነር ነው የሚለኝ። የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የተማርኩት የስድስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ነው፣ ከስድስቱም ሁለቱን ወር መብራት አልነበረም። ግን ያኔ ኮምፒውተር አብርቶ የሚያጠፋ ሁሉ ኢንጅነር ነበር። ያንን ሱቅ ስከፍት ሰው ሆንኩ፤ ከዚያ በፊት የአባቴ ልጅ ብቻ ነበርኩ። ታዲያ መደርደሪያዬ ወጥቶ ቻርጀር ሲሰቀልበት እኔ የት ልቀመጥ ነው? ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ በገዛ ሱቄ ውስጥ እንግዳ መሆንን ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ድሮ እኮ ኮምፒውተር መግዛት የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነበር። ገዢው ብቻውን አይመጣም። አባት ይመጣል፣ እናት ትመጣለች፣ የሚማረው ልጅ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ «የሚያውቅ ሰው» ይመጣል። የሚያውቅ ሰው የሌለው ቤተሰብ የለም፤ ወይ የአጎት ልጅ ነው፣ ወይ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ማሽን አጠገብ የሚሠራ አማች ነው። የሚያውቀው ሰው ኮምፒውተሩን ከግራም ከቀኝም ያየዋል፣ ኋላውን ያንኳኳዋል፣ ከዚያ ብድግ ያደርግና «ይከብዳል፤ ጥሩ ነው» ይላል። አንዱማ አሽትቶታል። ቀጥሎ የዋጋ ክርክር ይመጣል፤ ይኼ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለት ጊዜ ወጥተው ይሄዳሉ፣ ሁለት ጊዜ እጠራቸዋለሁ፣ በሦስተኛው ራሳቸው ይመለሳሉ። ሻጭና ገዢ ወጉን ካላደረሱ የተገዛው ዕቃ በረከት ያለው አይመስለንም።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ተራው የእኔ ነው። ኮምፒውተሩን በሁለት እጄ ይዤ እቆምና «አደራ!» እላለሁ። «አደራ፣ አቧራ እንዳይነካው። አደራ፣ ሕፃን እንዳይነካካው። አደራ፣ ሳያጠፉት ሶኬቱን እንዳይነቅሉት።» እንዲህ የማስፈራራው ወድጄ አይደለም። አዳማ ነፋስና አቧራ የማያጣት ከተማ ናት፤ የካቲት ላይ መስኮቱን ከፍቶ የተኛ ሰው ሲነሣ ቅንድቡ ሸብቶ ይገኛል። የሸጥኩት ዕቃ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ደግሞ ያ ሁሉ ቤተ ዘመድ የሚያውቀውን ሰው ከፊት አድርጎ ተመልሶ ሱቄ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ በአደራ አሰርኳቸው። ባለቤቴም ለያንዳንዱ ኮምፒውተር ከአበባ ጨርቅ ልብስ ሰፍታ በነጻ ታለብስልኝ ነበር።

አሁን ሱቄ የሚመጣው ሰው ሌላ ነው። ፕሮፎርማ ፈላጊ ይመጣል። ለመሥሪያ ቤት ግዢ የሦስት ሱቅ ዋጋ በወረቀት ያስፈልጋልና ማኅተሜን አስመትቶ፣ ጤናዬን ጠይቆ፣ አመስግኖኝ ይሄዳል፤ ግዢው ራሱ የት እንደሚፈጸም እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ተማሪ ይመጣል፤ ስልኩ ላይ የጻፈውን ወረቀት ላይ እንዳትምለት ነው። «ይኼን ሁሉ ገጽ በአውራ ጣትህ ጻፍከው?» ስለው «በምን ልጽፈው ነበር?» ብሎ እንደ ሞኝ ያየኛል።

ባለቤቴ ሲብስብኝ አዘነችልኝና የካርቶኑን ፎቶ በስልኳ አንስታ የከተማው ሻጭና ገዢ የሚገናኝበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፈችው። ሰባት ሰው ጠየቀ። አንዱ «ሲም ስንት ይወስዳል?» አለ። ሌላው «የፊት ካሜራው ጥራት አለው?» አለ። አንዷ ደግሞ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላ ጻፈች።

«ባትሪ የለውም፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰካው በያት» አልኳት ባለቤቴን።

ጻፈችላት። «ታዲያ መብራት ሲጠፋስ?» የሚል መልስ መጣ። ምን ልበላት? እኛ ራሳችን በዚያ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ነበርን፤ የምናነበው በስልኩ ብርሃን ነው።

እኔ የምይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስልክ ለመደወያ ነው፤ ይህንን ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም ሰው ሁሉ እናገራለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ንግግሬ እየረዘመ፣ የሚሰማኝ ሰው እያነሰ ሄደ። ከጎኔ ያለው ባለ ሥጋ ቤት ገና ስመጣ ሲያየኝ ቢላዋ መሳል ይጀምራል።

መስከረም በገባ በሳምንቱ መቂ ሄድኩ። እዚያ ከዓመታት በፊት ኮምፒውተር የሸጥኩለት የሽንኩርት ደላላ አለ። የአርሶ አደሩን ሽንኩርትና ቲማቲም ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር ያገናኛል፤ ያኔ ብቻውን ነበር፣ አሁን ሥራው ሰፍቶ ብዙ ሰው ከሥሩ ያሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራ ከሰፋ ኮምፒውተርም ይጨመራል ብዬ አሰብኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ የተቀመጡት እናት ሁለት ዶሮ ታቅፈው ከሞጆ እስከ መቂ በስልካቸው ድራማ አዩ። ዶሮዎቹም አንገታቸውን ሰግገው አብረው ያያሉ። እኔ ብቻ ነኝ በመስኮት የማየው።

ደላላውን ያገኘሁት ከሚጫን መኪና አጠገብ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። ሁለት ስልክ በእጁ፣ አንድ በኪሱ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንጅነር! ጠፋህ እኮ፣ አቦ!» ብሎ አቀፈኝ።

ሰላምታው እንዳለቀ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። «ይኼን ሁሉ ጭነት በስልክ እንዴት ትችለዋለህ? አዲስ ኮምፒውተር አለኝ፤ እንዲህ ዓይነት ከእንግዲህ አይመጣም» አልኩት። የመጨረሻው እንኳ እውነት ነበር።

ክንዴን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ክምር ወሰደኝ። ክምሩን በስልኩ ፎቶ አነሣው። አንዱን ሽንኩርት በጩቤ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን አነሣው፣ ላከው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ፤ የአዲስ አበባው ነጋዴ ነው። በአማርኛ ነጋዴውን ያናግራል፣ አፉን ዞር ያደርግና በኦሮምኛ አርሶ አደሩን ያናግራል፣ በሌላኛው ስልክ ሾፌሩን ይጣራል። ሽንኩርቱ ተሽጦ ሲያልቅ እኔ ገና «ኪቦርዱም አብሮት ነው» እያልኩ ነበር።

«ይኼ ኮምፒውተርህ እዚህ ድረስ ይመጣል?» አለኝ ጭቃውን እያሳየኝ። «እሱ ካልመጣ ሽንኩርቱን ወደ እሱ ማመላለስ ልጀምር ነው?»

«የድሮውስ?» አልኩት ተስፋ ሳልቆርጥ። «ተበላሽቷል አይደል?»

«ኧረ ደህና ነው!» አለ፣ የዘመድ ጤና የጠየቅሁት ይመስል። «መኝታ ቤት ነው ያለው። ሚስቴ ልብሱን በየወሩ ታጥብለታለች።»

«ምን ትሠሩበታላችሁ?»

ጥያቄዬ ገረመው። «ምን እንሠራበታለን? እንጠብቀዋለን እንጂ» አለኝ።

ሲሸኘኝ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት አሸከመኝ። ባለቤቴ ጆንያውን ስታይ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሄደህ ባዶ እጅህን አለመመለስህ ራሱ ጎበዝ ነህ» አለችኝ። እኔ ግን ተናድጄ ሽንኩርቱን ለአንድ ሳምንት አልበላም አልኩ። በሁለተኛው ቀን በላሁት።

ከዚያ ለድሮ ደንበኞቼ መደወል ጀመርኩ። ኩየራ ላለ አስተማሪ ደወልኩ፤ «ምንም አልሆነም፣ እንዳስረከብከኝ ነው» አለኝ። እዚሁ አዳማ ላለች ባለ ዳቦ ቤት ደወልኩ፤ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ። የዝዋይ መንገድ ላይ ሆቴል ላለው ደወልኩ፤ «ሐኪም አያውቅም» ብሎ ሳቀ። ሌላ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ደህና መሆኑን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል። እኔ ግን በያንዳንዱ «ደህና ነው» አንድ ገዢ ከዝርዝሬ እሰርዝ ጀመር። ሁሉም ደህና ነው። ከደንበኞቼ መካከል ኮምፒውተሩ የሞተበት አንድ እንኳ የለም።

መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ሐጂ ሄድኩ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ አዳማ ከመጡ ግን ዕድሜ ልካቸው ነው፣ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። አዳማ ውስጥ ሐጂን በዋጋ የረታ ሰው የለም። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ከእኔ ኮምፒውተር ሲገዙ ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ በሁለተኛው ቀን ቤታቸው ጠርተው ሻይና ሳምቡሳ ጋበዙኝና ሳምቡሳው አፌ ውስጥ እያለ ዋጋ አስቀነሱኝ። እምቢ እንዳልል አፌ ሙሉ ነበር። እኚህ ሰው የሚያዋጣ ነገር ከታያቸው ይገዛሉ፤ የሚያዋጣ ማስመሰል የእኔ ፈንታ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ቤታቸው ስደርስ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተመልሰው ሳሎን ተቀምጠዋል። ከክፍሉ ሁሉ የተሻለው ቦታ የኮምፒውተሩ ነው። ሐጂ እጃቸውን በፎጣ ጠራርገው ልብሱን ገለጡልኝ። ባለቤቴ የሰፋችው የአበባ ጨርቅ ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ስክሪኑ ላይ ከፋብሪካ የመጣችው ስስ ላስቲክ እንዳለች ናት።

«በየጁምዓው ከሶላት መልስ አበራዋለሁ» አሉኝ። «ልጆቹም ይሰበሰባሉ። ድምፁን ያሰማናል፣ ትንሽ ብርሃን ያገኛል፣ ከዚያ አንተ እንዳስተማርከኝ አድርጌ አጠፋዋለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን አሞት አያውቅም።»

«የሱቁን ሒሳብ ይይዙበታል?»

«ሒሳቡንማ ልጄ በስልኳ ትይዘው የለ?»

«ደብዳቤስ?»

«ለማን?» አሉኝ።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ። «ሐጂ፣ ይኼ እኮ አርጅቷል» አልኳቸው።

«ምኑ?»

ዞሬ አየሁት። ከላይ አየሁት፣ ከኋላ አየሁት፤ ያረጀ ነገር ፈልጌ አጣሁ። «አዲሱ ግን ይፈጥናል» አልኩ።

«ፈጥኖ የት ሊሄድ?»

ተናደድኩ፤ ሐጂ መሆናቸውም አልመለሰኝም። «ታዲያ የማይሠሩበትን ነገር ለምን አይሸጡትም? ለምን ለሰው አይሰጡትም? ቦታውን ይዞ ለምን ይቀመጣል?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ አደራ ብለኸኝ የለም እንዴ?» አሉኝ። «በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ቆመህ፣ ሦስት ጊዜ አደራ አልከኝ። ዛሬ መጥተህ አደራ በላ ልታደርገኝ ነው?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ ስልኩን ሳማው፣ ወጣቱን ሳማው፣ የውጭ ምንዛሪውን ሳማው ነው የከረምኩት። እነሱም እጃቸው አለበት፣ አልክድም። ግን ከመቂ እስከ ኩየራ ያለውን ደንበኛ በአደራ አስሬ፣ ዕቃውን በአበባ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ዳግመኛ ሱቄ እንዳይደርስ ያደረግሁት ለካ እኔው ነኝ! ጫማ ሻጭ ለገዢው «አደራ፣ እንዳይረግጡበት» ብሎ ያውቃል? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚሉት እኔን ነው። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ እየቆየ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ሻይ ጠጣሁበት።

ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ካርቶኑን፣ የባለቤቴን ቀነ ገደብ፣ የሚወጣውን መደርደሪያ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሰው ፊት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ሙስባሓቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«አምጣው» አሉ።

«ምኑን?»

«አዲሱን ነዋ። ነገ ልጆቹን ልኬ አስወስደዋለሁ። ከወንድሙ አጠገብ ይቀመጣል።»

መደርደሪያዬ በቦታው ሲቆም፣ ባለቤቴ በሩ ላይ እንደ ልማዷ ስትቀመጥ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ታየኝ። ቶሎ ብዬ ለክርክሩ ተዘጋጀሁ፤ ምላሴ ከሁለት ክረምት በኋላ ሥራ ሊያገኝ ነው። ሐጂ «ስንት ነው?» እንዲሉኝ ጠበቅሁ። አላሉኝም። ሻይ ቀዱልኝ።

ረስተው ይሆናል ብዬ ዋጋውን ራሴ ጠራሁ። እንዲያውም ለመቁረጫ እንዲሆናቸው ከፍ አድርጌ ነው የጠራሁት።

«እሺ» አሉ ሐጂ።

እሺ! ግማሽ ኪሎ ሙዝ ሲገዙ ባለ ሙዙን የሚያስለቅሱት ሐጂ! ከተማው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሐጂ ዋጋ የማይከራከሩት በሁለት ነገር ነው፣ በሰደቃና በከፈን። ከሁለቱ የትኛው ነኝ አልኩ በሆዴ። የትኛውም ብሆን አልወደድኩትም። ሃያ ዓመት ሰው ተከራክሮኝ፣ ተሰድቤ፣ ተጠርቼ፣ ተመልሼ ሸጫለሁ፤ ሰው አዝኖልኝ ግን ሸጬ አላውቅም። ያን «እሺ» ስሰማ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም።

«አልሸጥልዎትም» አልኳቸው።

«ምነው?»

«ዋጋ አልተከራከሩኝማ።»

መጀመሪያ አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሙስባሓቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ያዝከኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ወላሂ ያዝከኝ። ነጋዴ ነህ።»

ሸሽቼ እንዳልሄድ እጄን ይዘው አስቀመጡኝና አወሩኝ። «እኔ ጨርቅ ከመሸጤ በፊት የፋኖስ ብርጭቆ ነበር የምሸጠው። መብራት ሲገባ ሰዉን ሁሉ አኮረፍኩ። ሦስት ዓመት! አምፖል የገዛ ጎረቤት ሰላም ሲለኝ አልመልስለትም ነበር። ሚስቴ አላህ ይዘንላትና አንድ ቀን ‹ያኮረፍከው ሰውዬ ሚስት ቀሚስ ትፈልጋለች› አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የምበላው የሷን ቃል ነው።»

ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። አዲሱን ኮምፒውተር ዳግመኛ አላነሡትም፤ ካደረጉልኝ ሁሉ በላይ ይህን አለማንሣታቸውን አመሰገንኩ።

ሱቅ ስደርስ ባለቤቴ የአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ ጎንብሳ ግላስ ትለጥፋለች። ደንበኛው እስኪሄድ መጠበቅ አልቻልኩም። «ሐጂ ሊገዙኝ ነበር፤ አልሸጥም አልኩ» አልኳት ከኋላዋ ቆሜ።

«አመመህ?» አለች ሳትዞር።

«ዋጋ አልጠየቁኝም።»

እጇ ቆመ። እሷም ስድስት ዓመት ነግዳለች፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ስልኩን ለባለቤቱ ሰጥታ፣ ወንበሯን አዙራ አየችኝ። ትቆጣኛለች ስል ሳትቆጣኝ ስትቀር እንባዬ መጣ። በአቧራ እንዳላሳብብ መስከረም ላይ አዳማ አቧራ የላትም። «ሱቁን ውሰጂው» አልኳት። ተነሥታ በሻሿ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን።

የመስቀል ማግስት ጠረጴዛዋ ገባ። ለበሩ ሌላ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ አሠራን፣ መደርደሪያዬ ወጣ። ካርቶኑን እኔ ልክፈተው ብዬ ጠየቅሁ፤ ፈቀደችልኝ። አዲሱ ኮምፒውተር አሁን ጥግ ላይ ተተክሎ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ላይ ዘፈን፣ መዝሙርና መንዙማ ይጭናል። ሰዉ ስልኩን ይዞ ይሰለፋል። ሁለት ክረምት ገዢ ያጣው ዕቃ የስልኮች አሽከር ሆኖ ቁጭ ሲል ባየሁት ቁጥር እስቃለሁ፤ አንዳንዴም አልስቅም። ልብስ ስፊለት ብዬ ነበር፣ «ሥራ ላይ ያለ ምን ልብስ አለው?» ብላ እምቢ አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ግላስ መለጠፍ ልታስተምረኝ ከጎኗ በርጩማ አስቀመጠችልኝ። መጀመሪያ ፊቱን በአልኮል መጥረግ ነው፣ ቀጥሎ ትቢያውን በሚጣበቅ ወረቀት ማንሣት ነው፣ ከዚያ ግላሱን ከላይ ጫፍ ጀምሮ መልቀቅ ነው። ኮምፒውተር ሙሉ ለሙሉ ፈትቶ ለገጠመ ሰው ይቺ ምን አላት አልኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ጠረግሁለት፣ አነሣሁለት፣ ለቀቅሁለት። መሀል ላይ ምስር የምታህል አየር ቀረች። በአውራ ጣቴ ስገፋት ወደ ጎን ሄዳ ሁለት ሆነች። ሾፌሩ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ ባለሙያዋ ትሥራልኝ» አለኝ።

ተነሣሁላት። ባለቤቴ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች፣ የእኔን ግላስ በጥፍሯ አንሥታ ጣለችው፣ አዲስ አወጣች። ከዚያ እጆቿ ሥራ ጀመሩ። እሷ በሩ ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ እኔ ከኋላዋ ወንበሬ ላይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ጀርባዋን ነው፤ እጆቿን ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ግላሱ በሁለት ጣቷ ተይዞ ወረደ፣ አየሩ ከመሀል ተነሥቶ ወደ አራቱም ጫፍ ሸሸ፣ ጠፋ። ቀናሁባት፣ ደግሞ ኮራሁባት፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

«አየኸው?» አለችኝ ቀና ብላ።

አይቼዋለሁ። «አላየሁትም፣ ድገሚው» አልኳት።